መልሱ ቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ

ሰኞ፣ ሳምንት 1

የአሥራ ሁለት ሳምንቱ ዕቅድ ዛሬ ጸደቀ። ከእንግዲህ ቀኑን በሳምንት ቁጥር ነው የምጽፈው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚቆጥረን እንደዚያ ነው።

ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ሦስት ወር ሙሉ ለሰው ምን ያወራል? ሰሞኑን ራሴን ሲያዞረኝ የከረመው ይህ ነበር። በመጨረሻ ሦስት ጭብጥ አቀረብኩ። የመጀመሪያው ወር «እንቅልፍ የነሳን»፣ ሁለተኛው «ወደ ቤት»፣ ሦስተኛው «አዲስ ጠዋት»። በየሳምንቱ ሐሙስ ደግሞ ገጻችን ላይ «ውድ አክስቴ» የሚል ዓምድ ይወጣል። ሰው ጭንቀቱን ይጽፋል፣ አክስት ትመልሳለች። አክስት እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጢሜን ተላጭቼ ከቤት እወጣና ቢሮ ስደርስ አክስት እሆናለሁ።

የግብይት ኃላፊዋ ሰሌዳው ፊት ቆማ «ስለ ፍራሽ እንዳታወሩ» አለችን። «ፍራሽ ማንም ይሸጣል። እኛ የምንሸጠው ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ የሚሰማውን ነው።» ቀለሙ የምንለው ዲዛይነር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እኔ ጎኔን ካሳረፍኩ ሦስት ወር አለፈኝ» አለኝ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

አሠራራችንን ውጭ ያለ ሰው ቢሰማው ይስቃል። ቀድሞ የሚጻፈው መልሱ ነው። የፋብሪካው ባለቤትና የሕግ አማካሪው አይተው ይፈርሙበታል። ደብዳቤው ኋላ ይፈለግለታል። ለመልሱ የሚስማማ እውነተኛ ደብዳቤ ከመጣ እሰየው፤ ካልመጣ እኔው እጽፈዋለሁ። አሁን አሥራ ሁለት መልስ በእጄ አለ። ጥያቄ ግን አንድም የለኝም።

ረቡዕ፣ ሳምንት 1

ሚጣ እኔ ዘንድ ከመጣች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ። ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሞላት፣ ስሟ ግን ከልጅነቷ ጋር እንደቀረ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ሌላ የላትም።

ባሏን ክፉ ነው የሚል ሰው የለም። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይመሰክርለታል። አይሰድብም፣ እጁን አያነሳም። የሚያኮርፍ ሰው ነው፤ ያ ብቻ። እሷ የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ናት፤ የማታ ተራ ሲደርሳት ታመሻለች። አንድ ማታ መንገድ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶ የተሳፋሪ ዘመድ ሁሉ ሲደውልባት አምሽታ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ቀን አላናገራትም። አንድ ሰሃን ያወጣል፣ አንድ ሰሃን ያጥባል። የምትቀመጥበትን ወንበር ወደ ግድግዳ አዞረው። በአርባ አንደኛው ቀን ልብሷን ይዛ መጣች።

ዛሬ ማታ ሻይ እየጠጣን «ጋሼ፣ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ።

«አንቺ እንዳልሽ» አልኳት።

«እኔማ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው የምጠይቅህ።»

«እንግዲህ ኑሮውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሻይዋን አማሰለች። ስኳር ያልጨመረችበትን ሻይ። በሰው ትዳር ውስጥ ገብቶ ተመለሺ፣ ተፋቺ የሚል ወንድም እኔ አይደለሁም። ማክበር ማለት ይህ ይመስለኛል።

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። እሷ ሳሎን ሶፋው ላይ ትተኛለች። ሶፋው ለሁለት ሰው መቀመጫ የተሠራ ስለሆነ እግሯ ይተርፋል። ፋብሪካው ለሠራተኛ ያደለው አንድ ፍራሽ አለኝ፤ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆሟል። ለጥቂት ቀን ብሎ ላስቲክ መቅደድ ግን ምን ያደርጋል።

ዓርብ፣ ሳምንት 1

የመጀመሪያው የአክስት ዓምድ ትናንት ወጣ። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። የሚያንኮራፋ ባል። ሰው ሳቀ። ኃላፊዋ ደስ ብሏታል። ቸኩያለሁ። የሚጣ ስልክ ሲነጋጋ እየጮኸ ሁለታችንንም ይቀሰቅሰናል፤ እሷ አጥፍታው መልሳ ትተኛለች፣ እኔ ግን በዚያው ነቅቼ እቀራለሁ።

ሐሙስ፣ ሳምንት 3

እውነተኛ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ዛሬ ብቻ ስልሳ ሁለት። አንዷ ልጇ ከሞተ ወዲህ በጎኗ መተኛት እንዳቃታት ጻፈች። አንብቤው ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ። ከተፈረመባቸው መልሶች አንዱም አይሆናትም። ዕቅዱ ውስጥ ቦታ የላትም። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚለው አጭር መልእክት ተላከላት። ለእሷ ሌላ ነገር መጻፍ ይገባኝ ነበር። ነገ እጽፍላታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቀለሙ በሩን ገርበብ አድርጎ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ሀገር ሙሉ አክስት ይሉታል፤ ራሱን ግን ምን ትመክረኛለህ ብትለው ትከሻውን ነው የሚነቀንቅልህ» ይላል። ስለ እኔ አይመስለኝም።

ቤት ስገባ ሚጣ የታጠበ ልብስ በወንበሮቹ ሁሉ ላይ ዘርግታለች። ዝናቡ ስላላቆመ ሌላ ማስጫ የለም፤ አውቃለሁ። የማንበቢያ ወንበሬ ላይ ያለውን ፎጣ ብቻ አንስቼ አጥፌ አስቀመጥኩት። አየችኝ። ወዲያው ተነስታ ሁሉንም ሰበሰበች፣ እርጥቡንም ጭምር።

«ተይው እንጂ፣ ይድረቅ» አልኳት።

«መታጠቢያ ቤት ይደርቃል ጋሼ፣ ችግር የለም።»

እሑድ፣ ሳምንት 4

ሚጣ ዛሬ ቤቱን ጠርጋ ቁም ሣጥኑን ስታስጠጋ ፍራሹን አገኘችው።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለእንግዳ» አልኳት። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷ ሳቀች። «ታዲያ እኔ ምንድነኝ?» አለች። እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን አለቀና ቁም ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሰችው።

ባሏ ለእኔ ደውሏል። ድምፁ ትሑት ነው። «እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? እርስዎን ማስቸገራችን አሳፍሮኛል። መቼም በእርስዎ ቤት ስላለች ሐሳብ የለኝም» አለኝ። ይታረቃሉ፣ ባልና ሚስት ናቸው አልኩ በልቤ። ደውሎ እንደነበር ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ለእኔ ግን አልደወለልኝም» አለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሥራ ልትሄድ ስትወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። አየር እንዲገባ ነው። እሷ ስትወጣ መክፈት ለምዶብኛል።

ማክሰኞ፣ ሳምንት 5

ሁለተኛው ወር ጀመረ፤ «ወደ ቤት»። የፋብሪካው ባለቤት ይህን ጭብጥ ከሁሉ አብልጦ ወዶታል። ፖስተሩ ላይ መብራት የበራበት መስኮትና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አለ። ኃላፊዋ «በዚህ ወር ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው አልፈልግም። ሁሉም ይመለሳል» አለች። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ልጇ ለሞተባት ሴት እስካሁን አልጻፍኩም።

ሰኞ፣ ሳምንት 6

ለሰባተኛው ሳምንት የተፈረመበት መልስ ቤቷን ጥላ ለወጣች ሚስት ነው። ትዕግሥት፣ ቀድሞ መናገር፣ ወደ ቤት መመለስ። ደብዳቤውን ልፈጥር ተቀምጬ ሳለ ዛሬ ጠዋት ከገቡት ደብዳቤዎች መካከል ይህ ተገኘ። ስም የለውም። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«ውድ አክስቴ፣ ባለቤቴ አርባ ቀን አላናገረኝም። የምቀመጥበትን ወንበር ወደ ግድግዳ አዞረው። አሁን ዘመድ ቤት ነኝ። የተጠጋሁበት ሰው ደግ ነው፣ ፊት አልነሳኝም። ግን ቆዪ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ስገባ የጀመረውን ሥራ ይሰበስባል፣ ስወጣ መስኮት ይከፍታል። ልመለስ ወይስ ልቆይ? የምትይኝን አደርጋለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የሚያኮርፍ ባል ሞልቷል። አርባ ቀንም ሰው የሚወደው ቁጥር ነው። ሚጣ ገጻችንን አታነብም፤ «ፍራሽ ለማይገዛ ሰው ምን ያደርጋል» ብላ ስቃብኛለች። ደግሞስ ብትሆን ለምን ለእኔ አትነግረኝም? በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያለነው። መስኮት የሚከፍትም ሰው ብዙ ነው።

ከመልሱ ጋር ግን እጅና ጓንት ሆኖ ገጠመ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ራሴ ብጽፍ አይሳካልኝም ነበር።

ረቡዕ፣ ሳምንት 6

ኃላፊዋ ደብዳቤውን አየችው። «አርባ ቀን ከባድ ነው፤ ሰሞኑን በለው። የወንበሩ ነገር ያስፈራል፣ ይውጣ። መስኮቱም ይውጣ፤ ዘመዱ ክፉ ይመስላል።» አወጣሁ። የቀረው አራት መስመር ነው። አኩርፎ የከረመ ባል፣ የናፈቀች ሚስት።

መልሱ ደረቅ ስለሆነብኝ ማታ ቤት ሆኜ ለአፍ የሚጥም አንድ ተረት ጣል አደረግኩበት። ሚጣ በዚያን ሰዓት ሳሎን ውስጥ ስልኳን ይዛ ተጋድማ ነበር። እግሯ ከሶፋው ተርፎ በሩን ስለዘጋብኝ ውኃ ልቀዳ ስል ዘልዬው አለፍኩ። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ ሰበሰበችው።

ሐሙስ፣ ሳምንት 7

ወጣ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ተቀባበለው። ኮሜንቱ ጎርፍ ነው። «እኔም ዛሬ ተመለስኩ» የሚል ብቻ ዐሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ኃላፊዋ መጥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ቅዳሜ፣ ሳምንት 7

ሚጣ ሄደች።

ከቢሮ ስመለስ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ሶፋው በሶፋ ወግ ቆሟል። እሷ ጫማዋን አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ልመለስ ነው» አለችኝ።

«አስበሽበታል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ…» አልኩ። ቀና ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ፤ የሆነ ነገር የምጨምር ይመስል። ታክሲ እስኪመጣ አብሬያት ቆምኩ። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላዬን ሰጠኋት። «መልሼ አመጣልሃለሁ» ስትል «ያንቺ ይሁን» አልኳት። በበጎ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ሳምንት 8

ቤቱ ጸጥ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልነቃ ተኛሁ። ሰው ካልዋሸ በስተቀር ደስ ይላል።

በቢሮ ኬክ ተቆረጠ። የሰባተኛው ሳምንት ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ካወጣነው ሁሉ በለጠ። የፋብሪካው ባለቤት ራሱ ወርዶ «አክስታችን!» ብሎ ጨበጠኝ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቀለሙ አላጨበጨበም፤ ኬክ ይዞ ስለነበር ይሆናል።

ሰኞ፣ ሳምንት 9

ሚጣ ስልክ አታነሳም። ዓርብ ደወልኩ፣ ቅዳሜ ደወልኩ። ዛሬ ባሏ አነሳው። «ተኝታለች ጋሼ። ደክሟት ነው። እንደተነሳች እነግራታለሁ።» ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር።

ረቡዕ፣ ሳምንት 9

ሥራዋ ደወልኩ። የማላውቃት ሴት አነሳችው። «እሷ ለቃለች። ባለቤቷ ነው ደብዳቤውን ያመጣው» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የዚህን ወር መልሶች አስተካከልኩ። «አዲስ ጠዋት»። እጄ ይሠራል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

እሑድ፣ ሳምንት 9

ሚጣ ቤት ሄድኩ። ሳልናገር።

ባሏ በሩን ከፍቶ «ይግቡ ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?» ብሎ አቅፎ ተቀበለኝ። ቤቱ ጽድት ብሏል። ሁለቱም ወንበሮች ወደ ጠረጴዛው ዞረዋል። ይኸው፣ ታርቀዋል አልኩ። ሚጣ ሻይ አቀረበች። ከስታለች። ስልኳ በባሏ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲጮህ አውጥቶ አይቶ መለሰው። እኔ አየሁ፣ እሷም እንዳየሁ አየች።

«ሥራ ለቀቅሽ አሉ?» አልኳት።

«ትረፍ ብዬ ነው» አለ እሱ። «ለትዳር ሲባል አንድ ሰው መሸነፍ አለበት አይደል? ያ የእናንተ ዓምድ ላይ የወጣው ምክር ለእኛ ቤት ብርሃን ነው የሆነው፤ አትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር።»

ስወጣ ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ የባሏ መኪና መንገድ ዘግቶ ሰው ሊወጣ አልቻለም ተባለ፣ ሊያንቀሳቅሰው እየሮጠ ወረደ። ደረጃው ላይ ሁለታችን ቀረን።

«ሚጣ፣ ደህና ነሽ?»

«መልስህን አንብቤያለሁ» አለችኝ።

«የቱን መልስ?»

«ጋሼ፣ እባክህ። የእናታችንን ደብዳቤ ስትጽፍላት እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አጻጻፍህን አላውቀውም? አክስት አንተ እንደሆንክ ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እዚያ…»

«ቤት ውስጥ ስጠይቅህ አንቺ እንዳልሽ ትለኛለህ። እዚያ ግን እውነቱን ትጽፋለህ ብዬ ነው። ጻፍክም። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ነው አልክ። ሃምሳ ስድስት ቀን ነበርኩ። ገባኝ።»

የባሏ እግር ድምፅ ከታች ተሰማ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ሁኑ» አልኩ። ለሁለቱም።

በዚያው ማታ

መልሱ የኔ አይደለም። የተፈረመበት መልስ ነው። የፋብሪካው ነው። ወሩ «ወደ ቤት» ስለነበር ነው። እሷ ባትጽፍ ኖሮ ለሌላ ሰው የሚሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ጊዜ አልነበረም። መንገድ ላይ አራት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት፣ አራቱንም ጊዜ ትክክል ነው።

ሰኞ፣ ሳምንት 10

ኃላፊዋ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የሰባተኛው ሳምንት መልስ ሰው እንደጎዳ ነገርኳት። ማን እንደሆነች አልነገርኳትም። በዚህ ሐሙስ ማስተካከያ እናውጣ አልኳት።

«ማስተካከያ አናወጣም» አለች። አልተቆጣችም። «ይቅርታ የሚጠይቅ ፍራሽ ላይ ማን ይተኛል? ደግሞ ምኑን ነው የምናስተካክለው?»

«እንግዳ መዳብ ነው ያልነውን። እንዲህ ያለ ነገር ማጽደቅ አልነበረብንም።»

ፋይሉን ከፈተች። ማያውን ወደ እኔ አዞረችው። «ይህ ባለቤቱና የሕግ አማካሪው የፈረሙበት ነው። መዳብ የሚል ታያለህ?»

አነበብኩ። ትዕግሥት አለ። ቀድመሽ ተናገሪ አለ። ወደ ቤትሽ ተመለሺ አለ። መዳብ የለም።

«ሲወጣ አይቼው ነበር» አለች። «ሰው ስለወደደው ዝም አልኩ። ከየት አመጣኸው?»

ከየት አመጣሁት።

ማክሰኞ፣ ሳምንት 10

አስተካክዬ ልጻፍ። ማንም አይፈርምበትም።

ደብዳቤው የማን እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር አውቄያለሁ። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ለመጠራጠር ሰበብ ፍለጋ ነው። ፎጣው ደከመኝ፣ ስልኩ ደከመኝ፣ እግሯ ደከመኝ፤ ሂጂ ለማለት ግን አፈርኩ። አክስት አታፍርም። ፋብሪካው ተመለሺ አለ፤ ያንን ለማንም እንለው ነበር። ከቤቴ ውጪ ያልኳት ግን እኔ ነኝ። በተረት ጠቅልዬ፣ ሳሎን ተኝታ ሳለች፣ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ።

ረቡዕ፣ ሳምንት 10

ላስቲኩን በቢላ ቀደድኩት። ፍራሹን ሳሎን ዘረጋሁት፤ ለራሴ። መኝታ ቤቱ ለእሷ ነው። ሶፋውን የታችኛው ጎረቤት ወሰደው። ነገ ባሏ ሥራ ሲገባ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ሳምንት 10

ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ሚጣ። ክፈቺ።»

«አልችልም» አለች። «ከውጭ ነው የሚቆለፈው። ሲመጣ ይከፍታል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። በሩን ገፋሁት። አየሁት፣ ከላይ አዲስ ቁልፍ ተገጥሟል፤ የእንጨቱ ብናኝ ገና ወለሉ ላይ ነው። ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእሑድ። አንተ ከሄድክ በኋላ። ጋሼ፣ ሂድ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ» አልኩ። «ሚጣ፣ የመዳቡን ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አንቺ እንደሆንሽ እያወቅኩ ነው። ሰልችቶኝ ነበር፤ ፊት ለፊት መናገር ፈራሁ። አሁን ግን ወደ እኔ ነይ።»

ከበሩ ወዲያ እንደ እኔው ስትቀመጥ ሰማሁ። ልብሷ እንጨቱን ሲታከክ ይሰማል።

«ለስንት ቀን?» አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደምታውቀው ሳስታውስ ደነገጥኩና «ቀን የለውም» አልኩ። «ቁጥር አልሰጥሽም። ቤትሽ ነው።»

«ይህን የሚለው ማነው? አክስት ናት?»

«ወንድምሽ ነኝ።»

ታች ወርጄ ቁልፍ ሠሪ ፈልጌ አመጣሁ። ሰውዬው መሣሪያውን ሳያወጣ አየኝ፣ በሩን አየ። «ጌታዬ፣ የማን ቤት ነው? ነገ ፖሊስ እኔን ነው የሚጠራው።» እኔ ልመልስ ስል ከውስጥ ድምጿ መጣ፤ ማዘዝ እንደለመደ ሰው ሆና «የኔ ቤት ነው! ክፈተው!» አለች። ሰውዬው መሣሪያውን አወጣ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ያ ሩብ ሰዓት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ደረጃው ግርጌ አይ ነበር።

ሲከፈት ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ እግሯ አጠገብ ቆሟል። አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ቶሎ እንሂድ» አለች።

ኃላፊዋ አራት ጊዜ ደውላ ነበር። የዛሬው ዓምድ አልወጣም።

እሑድ፣ ሳምንት 10

ባሏ ትናንት ሁለት ጊዜ መጣ። ከበር አልፎ እንዳይገባ አደረግኩት፤ «ጋሼ፣ እርስዎም?» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ማክሰኞ ከሚጣ ጋር ጠበቃ ዘንድ እንሄዳለን። መልቀቂያዬን ዓርብ አስገብቻለሁ፤ ልጇ ለሞተባት ሴትም ዛሬ በራሴ ስም ጻፍኩላት። ከሰባት ሳምንት በኋላ ምን ይጠቅማታል፤ እንጃ።

ለሚጣ ቁም ሣጥኑን ግማሽ ባዶ አድርጌላታለሁ። መስቀያም ገዝቻለሁ። ሐሙስ «እሺ» አለች፣ ዓርብ «እሺ» አለች። ሻንጣዋ ግን እንደተቆለፈ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠዋት ልብሷን ታወጣለች፣ ማታ አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ትከተዋለች።

ዛሬ ከእራት በኋላ አልቻልኩም። «ፍቺው እንጂ ሚጣ። ልብስሽ ይጨማደዳል» አልኳት።

«ይቆይ።»

«አላመንሽኝም ማለት ነው?»

ሰሃኑን አስቀምጣ እጇን አደረቀች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ» አለች፣ «እኔ አምኜህ አይደለም የወጣሁት። በሩ ስለተከፈተ ነው።»

እውነቷን ነው። ሻንጣውን አልነካሁትም።